መርሃዊት ማየት ያልነበረባት መልእክት

ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት፣ ሰው ሲሞት ለሰፈሩ የሚያሰማው ደጋጋ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባውን ይዞ ይወጣል፤ በየመታጠፊያው ቆሞ ይነፋና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ተናግሮ ያልፋል። የማንም ግቢ ግን አይገባም። «የኔ ሥራ ከአጥር ወዲህ ነው፤ ከአጥር ወዲያ ያለው የሽማግሌዎቹ ነው» ይል ነበር።

ሎሚ የደጋጋ ሚስት ናት። ሰው ፊት መናገር የማትወድ፣ በዕድር ስብሰባ እንኳ በሩ አጠገብ የምትቀመጥ ሴት ናት። ባሏ ሲሞት ሥራው ወደ እሷ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ሰፈሩ ለልማት ተነሣና የዕድሩ አባላት ገላን የደረሰው ገላን፣ ሰንጋ ተራ የገባው ሰንጋ ተራ፣ ወሎ ሰፈር የተከራየው ወሎ ሰፈር ሆነው ተበተኑ። የቀሩት የሎሚን ጨምሮ በኡራኤል በኩል ያሉ ጥቂት ቤቶች ብቻ ናቸው። ካዛንቺስ የተነፋ ጥሩምባ ደግሞ ገላን አይሰማም። ስለዚህ ዕድሩ በስልክ ግሩፕ ከፈተ።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው ይጽፍበት ነበር። አንዱ የጠዋት ምርቃት ይልካል፤ ሌላው የሚሸጥ ፍሪጅ ፎቶ ያስቀምጣል፤ የቀረው «አሜን፣ አሜን» እያለ ስልኩን ሲያንጫጫ ይውላል። አንድ ጊዜ የአንድ ሽማግሌ የቀብር መልእክት በአሜኖቹ መካከል ጠፍቶ፣ ቀብሩ ላይ የተገኘው ሰው አስከሬኑን ለመሸከም እንኳ ሳይበቃ ቀረ። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ቡልቻ ተቆጡ።

«ጥሩምባው አንድ ነበር፤ ነፊውም አንድ ነበር» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ የምትጽፈው ሎሚ ብቻ ናት። ሰው የምታስገባውም፣ የምታወጣውም፣ የተጻፈውን የምታጠፋውም እሷ ናት። ሌላው ያንብብ።»

ሎሚ አንገቷን ደፋች እንጂ እንቢ አላለችም። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ አራት ነጥብ አትረሳም። መልእክቱን ከመላኳ በፊት ለራሷ ድምፅ አውጥታ ሁለቴ ታነበዋለች። ከላከችው በኋላ ደግሞ መድረሱን የሚያሳየው ምልክት እስኪመጣ ስልኩን ከእጇ አታስቀምጥም።

ከሁሉ የሚከብዳት መርዶ ነበር። አንድ አባል ዘመዱ ሩቅ ቦታ ሲሞትበት፣ እሱ ሳይሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማና በማለዳ ተሰብስቦ ቤቱ ይሄዳል፤ ሽማግሌ ነው የሚነግረው። ሰው ብቻውን ሆኖ መርዶ አይሰማም፤ በስልክማ ነውር ነው። ሎሚ ለዚህ የራሷን ሥርዓት አበጅታ ነበር። መጀመሪያ ሐዘንተኛውን ከግሩፑ ታወጣዋለች፤ ግሩፑም ድምፅ ሳያሰማ ከሰውየው ስልክ ላይ ይጠፋል። ከዚያ ለቀሩት ትጽፋለች። የሟቹን ስም ግን አትጽፍም፤ ስም ከተጻፈ አንዱ አፈ ቀላል ደውሎ «እግዜር ያጥናሽ» ማለቱ አይቀርም። ቤቱንና ሰዓቱን ብቻ ትናገራለች። መርዶው ከተነገረ በኋላ ሐዘንተኛውን መልሳ ታስገባዋለች። እስከዚያች ቀን ድረስ መርዶውን ከእሷ ጽሑፍ ላይ ያነበበ ሐዘንተኛ አልነበረም።

ስልኩን የገዛላት ደጋጋ ነው። ሰማያዊ ነው፤ አንዱ ጥጉ ተሰንጥቋል፤ እሷ ራሷ በኪሮሽ በሠራችለት ነጭ ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስልኩ በየጊዜው አዲስ ማሻሻያ መጥቷል ይላት ነበር፤ ቻርጀር ላይ ሰክታ ታሳድረውና ጠዋት ታድሶ ይነሣል። ከጊዜ በኋላ መጠየቁን ተወ። ሎሚም ደስ አላት። ሕፃን ክትባቱን ሲጨርስ ጤና ጣቢያ መመላለሱ እንደሚቀር፣ ስልኬም የሚያስፈልገውን ሁሉ አግኝቶ ጨረሰ አለች በልቧ።

በዚህ ዓመት ግን መልእክት መላላኪያውን በከፈተች ቁጥር አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣ ጀመር። ከውስጡ የምታውቀው «ኦኬ» የሚለውን ብቻ ነው። «ኦኬ»ን ስትነካው ይሄድላታል። ሰው ማስቸገር ስለማትወድ ለማንም አላሳየችም።

ያን ቀን ጋሽ ቡልቻ የደወሉት ከምሳ በኋላ ነበር።

«ሎሚ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ ጋሽ ቡልቻ። ምነው?»

«የመርሃዊት እናት ማይጨው ዐርፈዋል። የአጎቷ ልጅ አታክልቲ አሁን ደወለልኝ። እዚያው ቀብረዋቸዋል። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መርዶ እንነግራታለን። አንቺ ሰው ጥሪ።»

ሎሚ ግድግዳውን ተደገፈች። መርሃዊት እንደ ሌላው አባል አይደለችም። ብዙ ዘመን አንድ ግድግዳ ተጋርተው ኖረዋል፤ ሎሚ ስታነጥስ መርሃዊት ከግድግዳው ማዶ «ይማርሽ» ትል ነበር። አሁን ወሎ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ልብስ ትሰፋለች። አንድያ ልጇ ሔኖክ የሀገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እናቷን ደግሞ «ኣደይ» እያለች በየእሑዱ ትደውልላቸው ነበር።

ሎሚ ስልኩን ከከረጢቱ አወጣች። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ መጣ፤ «ኦኬ» አለችው። ከስሞቹ መካከል መርሃዊትን ፈልጋ አገኘችና አውጣት አለችው። አንዲት ትንሽ ክብ መስታወቱ ላይ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተመልሳ ስሙ መጥፋቱን ታረጋግጥ ነበር። ያን ቀን ግን ዐይኗን እንባ ሞልቶት ፊደሉ ሁሉ ይዋኝባት ነበር፤ ሰው ሳይዘገይ ይወቅ ብላ ቀጥታ ወደ መጻፉ ሄደች።

«ነገ ሐሙስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወሎ ሰፈር በወ/ሮ መርሃዊት ቤት መርዶ ስላለ ሁላችሁም በሰዓቱ እንድትገኙ። ወደ ቤቱ አትደውሉ።»

ላከችው። ምልክቱ መጣ። ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና አሁን ስሙን ልይ ብላ ወደ ኋላ ስትመለስ፣ መስታወቱ ነጭ ሆነ። ሁለት መስመር እንግሊዝኛና አንድ ቁልፍ ብቻ አለበት። ቁልፉን ነካችው፤ ወደ ሌላ ገጽ ወሰዳትና እዚያም በቀይ የተጻፈ እንግሊዝኛ አመጣ። «ኦኬ» የሚል የለበትም። አጥፍታ አበራችው። ያው ነው።

ወጥታለች ወይስ አልወጣችም?

ለጋሽ ቡልቻ ደወለች። መደወሉ ይሠራል፤ መልእክት መላላኪያው ነው እንቢ ያለው።

«ጋሽ ቡልቻ፣ መልእክቱ ደርሶዎታል?»

«ደርሶኛል። ጎሽ፣ ጥሩ ጽፈሻል።»

«እስቲ ከስሞቹ ውስጥ የመርሃዊት ስም እንዳለ ይዩልኝ።»

«እኔ? እንኳን ስሟን የራሴንም አላገኝ። መነጽሬን ልጅቷ ላሰራ ብላ ወስዳዋለች። ምነው፣ ችግር አለ?»

ሎሚ «የለም… እንዲሁ ነው» ብላ ዘጋችው። ወዲያው በራሷ ተናደደች፤ ግን መልሳ ለመደወል አፈረች። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ከውሰር ሱቅ ሮጠች።

ከውሰር ኡራኤል አካባቢ ስልክ የምትጠግን ቀልደኛ ሴት ናት። ሎሚን ስታይ ሳቀች።

«እትዬ ሎሚ! ይሄን ስልክ አሁንም አልጣሉትም? ሙዚየሙ ሊወስደው መጥቶ እኮ፣ ባለቤቱ አልሰጥም አለች ብዬ መለስኩት።»

«ከውሰርዬ፣ ዛሬ አትቀልጂብኝ።»

ከውሰር ፊቷን አየችና ሳቋን ተወች። ስልኩን ተቀብላ የቀዩን ጽሑፍ አነበበች።

«ስልኩ ምንም አልሆነም እትዬ። የሠራው ኩባንያ ነው የተወው። ለዚህ ሞዴል አፕዴት መላክ ካቆመ ቆይቷል። አዲስ አዲሱን ያወጣል፣ አሮጌውን ይረሳዋል፣ በቃ። አፑ ደግሞ አዲስ ሲስተም ከሌለው አልሠራም ብሏል። ማለቴ፣ እነሱ ሁለቱ ተጣሉና እርስዎ መሐል ቀሩ።»

«ምናለ አስቀድመው ቢነግሩኝ!»

«ነግረዋል እትዬ። ያ ሲከፍቱት የሚመጣው እንግሊዝኛ እሱ ነበር። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው።»

ሎሚ «ኦኬ» ያለችበት ቀን ሁሉ ታሰባት። ለካ እሺ ስትል ነበር። የሆነውን እየተንተባተበች ነገረቻት። ከውሰር ሳትጨርስላት የራሷን ስልክ አወጣች።

«በእኔ ስልክ እንግባ። ቁጥርዎን ልሙላው፤ ወደ እርስዎ ስልክ ኮድ ይልካል።»

ሁለቱም አሮጌውን ስልክ ትኩር ብለው ይጠብቁ ጀመር። ኮዱ አልመጣም። አንድ ደንበኛ ቻርጀር ፈልጎ መጣ፤ ከውሰር «ቆይ» አለችው። ሌላ ሰው መጥቶ ተመለሰ። ሎሚ በልቧ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ትላለች። በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ።

ከውሰር ቁጥሮቹን አስገባች፤ ግሩፑ ተከፈተ። ስሞቹን ወደ ታች ስትገፋ ሎሚ ከትከሻዋ በላይ ታያለች። የስፌት መኪና ፎቶ ያለበት አንድ ስም መጣ።

መርሃዊት አልወጣችም።

ከውሰር ወንበሯን ለቀቀችላት። «ቶሎ አጥፊው» አለች ሎሚ። ከውሰር መልእክቱን አጠፋችው፣ መርሃዊትን አወጣቻት፣ ስሟ መጥፋቱንም ለሎሚ አሳየቻት። ከዚያ ያንኑ መልእክት እንደገና ጽፋ ለቀሩት ላከች።

«አይታዋለች?»

«ስንት ሰው እንዳየው ነው እንጂ ማን እንዳየው አይናገርም እትዬ። ከመቶ ሰው በላይ አይቶታል። ምናልባት አላየችው ይሆናል፤ ሥራ ላይ ከሆነች…»

«ደውይላት። በአንቺ ስልክ፣ ልብስ እንደሚያሰፋ ሰው ሆነሽ።»

ከውሰር ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ሎሚ አንዴ ተስፋ አደረገች፤ ዝግ ከሆነ አላየችውም። ወዲያው ደግሞ ትዝ አላት፤ መርሃዊት ከሰው ልብስ ስለምትቀበል ስልኳን ዘግታ አታውቅም።

ታክሲ ይዛ ኦሎምፒያ ወረደች፤ ከዚያ ወደ ወሎ ሰፈር ሌላ ያዘች። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ረዳቱ «እማማ፣ ጠጋ ጠጋ» ሲላት አልሰማችውም። ስትደርስ ምን ልትላት ነው? በመርዶ ዋዜማ ሳይታሰብ የመጣ ጎረቤት ራሱ መርዶ ነው። አይታው ካልሆነ እኔው ላስነቃት ነው ብላ ሰጋች። ካየችው ደግሞ ብቻዋን ናት።

ግቢው በር ላይ ቆመች። ደጋጋ ከዚህ አልፎ አያውቅም። እሷም ብትሆን ይህን ያህል ሞት ስትጽፍ ለአንድም ሰው በአፏ ነግራ አታውቅም። ከውስጥ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። እየሠራች ነው፤ አላየችውም ማለት ነው።

«ቤቶች!»

«ግቡ፣ ክፍት ነው።»

መርሃዊት ቀና አላለችም። ነጭ ጨርቅ ዘርግታ ጠርዙን ትቀመቅማለች።

«ሎሚዬ ነሽ? ምነው በዚህ ሰዓት?»

«እንዲሁ… በዚህ ሳልፍ ናፈቅሽኝ።»

«አንቺ መቼ በዚህ አልፈሽ ታውቂያለሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ስትል ትስቅ ነበር። ሎሚ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በዐይኗ ስልኩን ፈለገች። መደርደሪያው ላይ በፊቱ ተደፍቷል። ጨዋታ ለማምጣት ስለ ታክሲው ጀመረች፤ ስለ መንገዱ አወራች። መርሃዊት «እም… እም…» ትላለች፤ መኪናው ይሄዳል። ሎሚ እያወራች ዐይኗ ጨርቁ ላይ ዐረፈ። ከዳር እስከ ዳር ቀዳዳ ብቻ ተደርድሮበታል። ሁለተኛ መስመር፣ ሦስተኛ መስመር፣ ሁሉም ቀዳዳ ነው። ወደ መርፌው ቀና አለች።

«መርሃዊት… ክር የለውም እኮ።»

መኪናው ቆመ።

«አውቃለሁ» አለች መርሃዊት። «ዝም ካልኩ ጎረቤት ምን ሆነሽ ብሎ ይመጣል። እየሰፋች ነው ይበሉ ብዬ ነው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየቻት። ፊቷ ዐመድ መስሏል። «ነገ ጠዋት አልነበር የሚለው? ምነው ቸኮልሽ?»

ሎሚ ወደ ተደፋው ስልክ አየች።

«ማን ነው?» አለች መርሃዊት።

«መርሃዊትዬ፣ ስልኩ ነው… አወጣሁሽ ብዬ…»

«ስለ ስልክ አልጠየቅኩሽም። ማን ነው? አንቺ ስም አትጽፊም። የኔ ቤት መሆኑን ነው ያነበብኩት። ሔኖክ ጋ ልደውል ብዬ አነሣሁት፤ ባያነሣልኝስ አልኩ። ኣደይ ጋ ልደውል አልኩ፤ ሌላ ሰው ቢያነሣውስ? ዘጋሁት። እስካልከፈትኩት ድረስ ሁለቱም አሉ።»

ሎሚ ስለ ሽማግሌዎቹ አሰበች። ጋሽ ቡልቻ ገላን ናቸው፤ ሰው እስኪጠራሩና እስኪመጡ ይመሻል። እስከዚያ ድረስ ይህችን ሴት በእናቷና በልጇ መካከል እንዲህ አንጠልጥላ ልታቆያት ነው? ተነሥታ ሄደችና በሁለት እጇ የመርሃዊትን ሁለት እጅ ያዘች።

«እናትሽ ናቸው፣ መርሃዊት።»

«ተመስገን» አለች መርሃዊት።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ሁለቱም የሰሙት። መርሃዊት እጇን ነጥቃ አፏ ላይ ጫነችው፤ ዐይኗ ፈጠጠ። «ኣደይ…» አለች በጣቶቿ መካከል። «ኣደይ፣ ይቅር በዪኝ። ምን አልኩ? ሎሚ፣ ምን አልኩ እኔ?»

«ምንም አላልሽም። እናት ነሽ።»

መርሃዊት ግን እንደገና እጇን ጨበጠቻት፤ አጥብቃ፣ እስኪያማት። «ሔኖክስ? እውነቱን ንገሪኝ። ሰዎች መርዶ ሲናገሩ መጀመሪያ ቀለል ያለውን እንደሚያስቀድሙ አውቃለሁ። እናትሽ ብለሽ ልጄን እየደበቅሽኝ ከሆነ…»

«እኔ የነገሩኝ እናትሽን ነው። ማርያምን።»

«አንቺንስ ደብቀውሽ ቢሆን?»

ይህን ሎሚ አላሰበችውም ነበር። ጋሽ ቡልቻ «ብቻሽን ነሽ?» ያሉት ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። የሷም ልብ ፈራ። «ደውይለት» አለች በመጨረሻ።

ሎሚ ስልኩን ከመደርደሪያው አንሥታ አበራችላት። ቁጥሩ ጠራ። ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። መርሃዊት ወደ ሎሚ አላየችም፤ ወለሉን ነው ያየችው። ሎሚ «ኔትወርክ ይሆናል» ልትል ፈልጋ ስልክን ምክንያት ማድረግ አስፈራት።

ስልኩ ራሱ ጮኸ።

«ሃሎ ማዘር! ጎማ ሥር ሆኜ ነው ያላነሣሁት። ደንገጎ ደርሰናል። ቁልቁለቱን ሳልጀምር ብሬኩን ልይ ብዬ ነው። ምነው፣ ሰላም ነው?»

መርሃዊት ዐይኗን ጨፈነች። ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው የደንገጎ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ሰው የሞላ አውቶቡስ ይዞ የቆመ ልጅ ነው።

«ሰላም ነው የኔ ልጅ» አለች መርሃዊት። «ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።»

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ነው።»

«ዝንጅብል ጠጪበት። ስሚኝማ፣ ኣደይ ጋ ስትደውዪ ለበዓል እመጣለሁ ብሏል በያት እሺ? ነጠላ ገዝቼላታለሁ።»

«እሺ… እላታለሁ። ቀስ ብለህ ውረድ። ስትደርስ ደርሻለሁ በለኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። መርሃዊት አላለቀሰችም።

«ከጮኽኩ ግቢው ይሰበሰባል» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ከግቢው አንዱ ለሱ ይደውላል። ቁልቁለቱን ይጨርስ።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሎሚ ክንዷን ትከሻዋ ላይ አድርጋላታለች። ጎረቤት ያለች ሴት በመስኮት «መርሃዊት፣ ቀሚሴ ደረሰ?» አለች። «ነገ» አለች መርሃዊት፤ ድምፅዋ አልተሰበረም። አንድ ጊዜ ስልኩ ጮኸና ሁለቱም ዘለሉ፤ የካርድ ማስታወቂያ ነበር። ጨለማው ክፍሉ ውስጥ መግባት ሲጀምር መብራት ለማብራት የተነሣ የለም። መርሃዊት አንዴ «ታማ ነበር?» አለች፤ ሎሚ «አልነገሩኝም» አለች።

በመጨረሻ መስታወቱ በራ። መርሃዊት አነበበችው፤ ለሎሚም እንድታይ አዞረችላት። «ድሬ ገብተናል» ይላል።

መርሃዊት ስልኩን ቀስ ብላ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና ወገቧ ላይ አሰረችው። ከዚያ «ኣደየ!» ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ ግቢውን አልፎ መንገድ ድረስ ተሰማ።

ሎሚ ሄዳ በሩን ሰዎቹ እንዲገቡ ወለል አድርጋ ከፈተችው።